የዓይን ሕክምና ተማሪ እንዴት ቢያጠና ይጠቀማል
(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አጠናን ዘዴ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብሁት እንቢ ለማለት ነበር። ምክንያቱም ስለ አጠናን በጠቅላላው መናገር እጅግ ቀላል ነገር ስለ ሆነ ነው። ‹‹ተማሪ ይትጋ፤ ጊዜውን ይከፋፍል፤ እንቅልፉን ይቀንስ›› ብሎ መምከር ማንንም አያደክምም፤ ሰሚውም ራሱን እየነቀነቀ ሰምቶ ተመልሶ እንደ ልማዱ ያጠናል። ስለዚህ ጠቅላላውን ነገር ትቼ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ለይቼ ላቀርብላችሁ ወደድሁ፤ ይኸውም የሕክምና ተማሪ የዓይንን ሕክምና እንዴት ቢያጠና ይጠቀማል የሚለው ነው።

የመምህራን ማሠልጠኛ አስተማሪ በሐኪሞች ትምህርት ምን አገባው የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለማንም መድኃኒት አላዝዝም። ነገር ግን ታናሽ ወንድሜ የሕክምና ተማሪ ነው። ባለፈው ዓመት የዓይን ሕክምና በሚማርበት ወቅት ከእኔ ቤት ተቀምጦ ነበርና ሲያጠና አይቼዋለሁ፤ ሲሳሳትም አይቼዋለሁ። እርሱ የሚጠናውን ያውቅ ነበር፤ እኔም ስለ አጠናን ጥቂት ነገር የማውቅ ይመስለኝ ነበር። የምነግራችሁ ከሁለታችን መካከል የወጣውን ነው።

በሕክምና ትምህርት ቤቶች ለውስጥ ደዌና ለቀዶ ሕክምና ወራት ሲመደብ ለዓይን የሚመደበው ጥቂት ሳምንት ብቻ መሆኑ የታወቀ ነው። ትምህርቱ ግን የራሱ ቋንቋ፤ የራሱ መሣሪያ፤ የራሱ መለኪያ ያለው ነው። ወንድሜም ጊዜው ማጠሩን አይቶ መጽሐፉን ከፊተኛው ገጽ ጀምሮ ሊሸመድድ ተነሣ። አንድ ማታ ከራት በኋላ የሬቲናን አሥሩን ንጣፎች ከውጭ ወደ ውስጥ፤ እንደ ዳዊት ደጋሚ አንድም ሳይስት ወረደልኝ። እኔም ‹‹መልካም ነው፤ ታዲያ ይህን ሬቲና አይተኸው ታውቃለህ?›› ብዬ ጠየቅሁት።

‹‹በሥዕል አይቻለሁ፤ ጋሼ›› አለኝ።

‹‹በሰው ዓይን ውስጥስ?››

ዝም አለ።

ይህ ዝምታ ለእኛ ለመምህራን እንግዳ አይደለም። ባቄላ እንዴት እንደሚበቅል ቃል በቃል የሚመልስልን፤ ዳሩ ግን አንዲት ፍሬ እንኳ በአፈር ውስጥ አስገብቶ የማያውቅ ተማሪ በየክፍላችን አለ። በዓይን ትምህርት ላይ ግን ነገሩ የባሰ ጉዳት አለው፤ ምክንያቱም ዓይን ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ ተለይቶ፤ ቆዳ ሳይቆረጥ ደም ሥርና ነርቭ በቀጥታ የሚታይበት ስፍራ ነው። ከፊት እስከ ኋላ ርዝመቱ 24 ሚሊሜትር ያህል ነው። የፊተኛው ጥርት ያለ ገጽ፤ ኮርኒያ የሚባለው፤ በመካከሉ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ብቻ አለው። ከበስተኋላ የሚወጣው የማየት ነርቭ አንድ ሚሊዮን ያህል ክሮችን የያዘ ነው። ይህ ሁሉ ተከፍቶ እየታየ ተማሪው መጽሐፍ ላይ ብቻ ቢያፈጥ፤ በበሩ ገብቶ ማየት ሲችል ቤቱን ከጎረቤት አፍ እንደሚሰማ ሰው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የመከርሁት መጽሐፉን እንዲዘጋ ነበር። (መጽሐፍ ዝጋ ብሎ የሚመክር መምህር ብርቅ መሆኑን አውቃለሁ።) በየማለዳው ቁርስ ሳይቀምስ በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ዓይንን ለሁለት እንደ ተሰነጠቀ አድርጎ ያለ መጽሐፍ እንዲሥል ተስማማን። ሥሎ ሲጨርስ የዘነጋውን ከመጽሐፉ አይቶ በቀይ ይጨምራል፤ ከዚያም ከእያንዳንዱ ክፍል ጎን ያ ክፍል ሲታመም ሰውየው ምን ብሎ እንደሚመጣ በአንድ መስመር ይጽፋል። የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ከሥዕሉ ይልቅ ቀዩ የበዛበት ነበር። በሳምንቱ ቀዩ እየቀነሰ ሄደ። ሁለት ቀን ዘሎ፤ ቀጥሎም አንድ ሳምንት ዘሎ ሲሞክረው እንደ ገና ቀይ ይበዛል፤ ይህም ያበሳጨው ነበር። እኔ ግን ይህን ብስጭት አልጠላሁትም፤ የረሱትን በገዛ ጉልበት ፈልጎ ማምጣት አሥር ጊዜ ደግሞ ከማንበብ ይልቅ እንደሚጸና በክፍሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።

ማታ ማታ ደግሞ ያጠናውን ለእኔ ያስተምረኝ ነበር። ግላኮማ ስለሚባለው በሽታ ያስረዳኝ ቀን ትዝ ይለኛል። በዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ እንዳለ፤ ይህም ከአይሪሱ ኋላ ተነሥቶ በብሌኑ ቀዳዳ በኩል ወደ ፊት እንደሚያልፍ ነገረኝ። ‹‹ከዚያስ በየት ይወጣል?›› አልሁት። ‹‹ይመጠጣል›› አለ። ‹‹በየት በኩል?›› ብዬ ደገምሁ። ደብተሩን አገላበጠ፤ ቃሉን አገኘው፤ ቃሉን ግን ከሥዕሉ ላይ ማኖር አልቻለም። በማግስቱ ሲመለስ ኮርኒያና አይሪስ በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ እንደ ወንፊት ያለ ማጥለያ ሥሎ አሳየኝ። ከዚያች ከአንዲት ማዕዘን ሁለት በሽታ አስረዳኝ። ማዕዘኑ ክፍት ሆኖ ማጥለያው ሲደክም ግፊቱ ያለ አንዳች ሕመም ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ሰውየውም የጎን እይታውን ሳያውቀው ያጣል። ማዕዘኑ በድንገት ሲዘጋ ግን ዓይኑ ይቀላል፤ እይታው ይደበዝዛል፤ ራስ ምታትና ማስመለስ ይነሣበታል፤ ስለዚህም የሆድ ወይም የራስ ሕመም ነው ተብሎ በሌላ በር ሊገባ ይችላል። ወንድሜ እነዚህን ሁለቱን በሁለት ምዕራፍ ለየብቻ ሸምድዷቸው ነበር። የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ያወቀው ምንም የማያውቅ ሰው ‹‹በየት ይወጣል?›› ብሎ ስለ ጠየቀው ነው።

ሁለተኛው ነገር የምርመራ ሥርዓት ነው። የዓይን ሐኪም ከፊት ወደ ኋላ ይመረምራል፤ ቆቡን፤ የዓይኑን ነጭ፤ ኮርኒያውን፤ ብሌኑን፤ ሌንሱን፤ በመጨረሻም ሬቲናውንና ነርቡን። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የማየት ኃይል ይለካል፤ እያንዳንዱ ዓይን ለየብቻው። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ይህን እንደ ጸሐፊ ሥራ ንቀው ወደ መሣሪያው ይቸኩላሉ። ወንድሜም እንዲሁ ነበር። ስለዚህ መለኪያውን ራሱ በእጁ እንዲሠራ አደረግሁ፤ በእጅ የተሠራ ነገር አይናቅምና።

ይህን መለኪያ ሰሌዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1862 ዓ.ም. ያወጣው ስኔለን የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም ነው። ስሌቱ ለሒሳብ መምህራን የሚጣፍጥ ነው። ጤነኛ ዓይን በ6 ሜትር ርቀት ሊለየው የሚገባው ምልክት ከዓይኑ ላይ የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ እጅ አምስት ጊዜ የሚሆን ማዕዘን መያዝ አለበት፤ ይህም ሲሰላ ቁመቱ 8.7 ሚሊሜትር ይሆናል። ከሰሌዳው ራስ ያለው ትልቁ ምልክት አሥር እጥፍ፤ ማለት 87 ሚሊሜትር ነው፤ እርሱን ብቻ በ6 ሜትር የሚያይ ሰው እይታው 6/60 ተብሎ ይጻፋል። በፊደላችን ልንሠራው አስበን ነበር፤ ነገር ግን ‹‹ሀ››ንና ‹‹ጨ››ን በአንድ ርቀት ለይቶ ማንበብ እኩል አይደለም። በመጨረሻ ንጉሡን ‹‹ሠ›› የሚመስለውን ባለ ሦስት እግር ምልክት ወደ ላይ፤ ወደ ታች፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያዞርን ሣልነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሳይቀር እግሮቹ የዞሩበትን አቅጣጫ በእጁ ያሳያል።

ከዚሁ ጋር ሊቀር የማይገባ አንድ ትንሽ ብልሃት አለ። በካርቶን ላይ ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ የምትሰፋ ቀዳዳ ይበሳና በእርስዋ አሾልኮ እንዲያይ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ እይታው ከተሻሻለ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ መነጽር የሚያቃናው ነው፤ ካልተሻሻለ ግን ምክንያቱ ሌላ ስፍራ ይፈለጋል። ጠባቧ ቀዳዳ የተበተነውን ጨረር ከልክላ ቀጥተኛውን ብቻ ስለምታሳልፍ ነው። አንድ ካርቶንና አንድ መርፌ ተማሪውን ከብዙ ገጽ ያወጡታል።

ሦስተኛው የዓይንን ውስጥ ማየት ነው። ይህንን መሣሪያ ሔርማን ሔልምሆልትስ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1851 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ለዓለም አስታወቀ። ከዚያ በፊት የሰው ብሌን ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ ወደ ዓይን የገባው ብርሃን በመጣበት መንገድ ስለሚመለስ ተመልካቹ ጎንበስ ሲል በገዛ ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል። ሔልምሆልትስ መንገዱን ያገኘው ለተማሪዎቹ ትምህርት ሲያዘጋጅ ነበር። ይህን ለእናንተ ማንሣት ደስ ይለኛል፤ የትምህርት ዝግጅት ደብተራችንን እንደ ዕዳ የምናይ ብዙዎች ነንና።

ወንድሜና ሦስት ጓደኞቹ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ያገለገለ መሣሪያ ገዙ፤ በየተራም ይወስዱት ነበር። በእርሱ ተራ ክፍሉን እናጨልማለን፤ እኔ ከግድግዳው ላይ አንድ ነጥብ እያየሁ እቀመጣለሁ፤ እርሱ የእኔን ቀኝ ዓይን በገዛ ቀኝ ዓይኑ፤ ግራዬን በግራው ያያል። ከክንድ ርቀት ሲጀምር ብሌኑ ቀልቶ ይታያል፤ ያንን ቅላት ሳይለቅ እየቀረበ መምጣት አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ማታዎች ያየው የእኔን ሽፋሽፍት ብቻ ነበር። ‹‹በሆስፒታል ሲጠይቁን ሁላችንም አየን እንላለን›› ብሎ የነገረኝም በዚያን ጊዜ ነው። ይህ ቃል ልቤን ነካው፤ አለማየትን የሚያሳፍር ክፍል ሐሰትን እንደሚያስተምር በራሴም ክፍል አውቀዋለሁና። ‹‹በዚህ ቤት አላየሁም ማለት ይፈቀዳል›› አልሁት።

በአራተኛው ማታ አንድ የደም ሥር አገኘ። ወዲያው ጠፋው፤ እንደ ገና አገኘው። መንገዱ እንዲህ ነው፦ የደም ሥሩ ቅርንጫፎች የሚገናኙበትን አቅጣጫ ይዞ መከተል፤ ገባር ወንዝ ይዞ ወደ ዓባይ እንደ መውረድ ያለ ነው። የተገናኙት ሁሉ በመጨረሻ ወደ አንድ ክብ ስፍራ ያደርሳሉ፤ ይህም የማየት ነርቭ ራስ ነው፤ ስፋቱ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን መሣሪያው 15 እጥፍ ያህል አጉልቶ ያሳየዋል። ወንድሜ ሲያገኘው ትንፋሹን ያዘ። ከዚያ በኋላ በየማታው ያየውን ወዲያው እንዲሥል አደረግሁ፤ የማይሥሉት ነገር በደንብ ያላዩት ነገር ነውና። ዛሬ በተንቀሳቃሽ ስልክ እጅግ የተዋቡ የሬቲና ሥዕሎች ይገኛሉ፤ እነርሱም ይጠቅማሉ። ሥዕል ግን አይጨፍንም፤ አያነባም፤ አይዞርም።

ጤነኛ ዓይንን ደጋግሞ ማየት ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። መቶ ጤነኛ ነርቭ ያየ ተማሪ የታመመውን ስሙን ባያውቀው እንኳ ‹‹ይህስ ልክ አይደለም›› ይላል፤ ይህም የሐኪምነት መጀመሪያ ነው።

ስለ በሽታዎቹ አጠናን አጠር አድርጌ ልናገር። መጽሐፍ በሽታን በአካል ክፍል ይከፍላል፤ በሽተኛ ግን ‹‹ኮርኒያዬ ቆሰለ›› ብሎ አይመጣም፤ ‹‹ዓይኔ ቀላ›› ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ተማሪው ከበሽተኛው ቃል ቢነሣ ይሻላል፦ ያማል ወይስ አያምም? እይታው ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም? በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? በእነዚህ ጥያቄዎች ብዙው ነገር ይለያል። ለብቻው በትንሽ ወረቀት ተጽፎ በኪስ የሚያዝ ደግሞ አለ፤ እርሱም ሌሊት የማያሳድረው ነው። በኖራ ወይም በአሲድ የተቃጠለ ዓይን ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ‹‹መለካት ይቅደም›› ካልነው ሥርዓት የሚወጣው ይህ ነው። በስለት ወይም በሽቦ የተወጋ ዓይን ሳይጫን ተሸፍኖ ይላካል። ያለ ሕመም በድንገት የጠፋ እይታ፤ በመጀመሪያው ወሩ መግል የያዘው ሕፃን ዓይን፤ ብሌኑ ነጭ ሆኖ የሚታይ ሕፃን፤ እነዚህ ሁሉ ‹‹ነገ ተመለስ›› አይባሉም። የመጨረሻው ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ዓይኑን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱን ይመለከታል።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ተማሪዎቻችን የሚያነቧቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ ለሌላ አገር ሐኪሞች የተጻፉ ናቸው፤ ለትራኮማ ጥቂት ገጽ ይሰጡትና ያልፋሉ። በ1998 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ግን ከሕዝቡ 1.6 ከመቶ ዓይነ ስውር መሆኑን፤ ለዚህም ለግማሹ ያህል ምክንያቱ የዓይን ሞራ፤ ለ11.5 ከመቶው ትራኮማ ያስከተለው የኮርኒያ ጠባሳ መሆኑን አሳይቷል። ከ1 እስከ 9 ዓመት ከነበሩት ሕፃናት 40 ከመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ አዚትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት በብዙ ወረዳዎች ታድሏል፤ የቆብ ቀዶ ሕክምናም ሲሰጥ ቆይቷል። ቢሆንም እዚህ አገር የሚማር ተማሪ የላይኛውን ቆብ መገልበጥ ሳያውቅ ዓይን ተምሬአለሁ ሊል አይገባውም። በሽተኛው ወደ ታች ያያል፤ ሽፋሽፍቱ በጣት ይያዛል፤ በቀጭን እንጨት ከበላይ ጫን ተደርጎ ቆቡ ይገለበጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣው ቀላል አከፋፈል የትራኮማ ምልክቶች አምስት ብቻ ናቸው፤ የመጀመሪያው ከተገለበጠው ቆብ መካከል አምስትና ከዚያ በላይ የሆኑ፤ ግማሽ ሚሊሜትርና ከዚያ የሚበልጡ ፍሬዎች መታየታቸው ነው።

አንድ ማታ ወንድሜ አራተኛውን ምልክት፤ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌኑን የሚወጋበትን፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ሲያስረዳኝ በመካከሉ ቆመ። ‹‹ጋሼ፤ ይህ እኮ የእማማ ነው›› አለ። አያታችን በደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በወረንጦ የቆባቸውን ፀጉር ሲነቅሉ ሁለታችንም እናስታውሳለን፤ ወረንጦዋን ከመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ይይዙዋት ነበር። ወንድሜ ያን ስም ለወራት በቃሉ ይዞት ሲኖር ከእርሳቸው ጋር አላገናኘውም ነበር። ያን ማታ ሌላ አላጠናንም።

የመጨረሻው ነገር የእኔው ጉዳይ ነው። ወንድሜ ብዙ ዓይን ማየት ስለ ነበረበት በርእሰ መምህሩ ፈቃድ ሰሌዳችንን ይዘን ወደ ማሠልጠኛው ሄድን፤ ፈቃደኛ የሆኑት ሠልጣኞችም ተሰለፉ። ከእነርሱ መካከል ቁመቱ ረዘም ያለ አንድ ሠልጣኝ ነበር። ሌሎቹን እንዳይከልል ብዬ ከኋላ ወንበር ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ከጎረቤቱ ደብተር ሲገለብጥ ሁለት ጊዜ ይዤው በመዝገቡ ላይ ‹‹ትጋት የሌለው፤ በሰው ሥራ የሚኖር›› ብዬ የጻፍሁትም እኔው ነኝ። በ6 ሜትር ትልቁን ምልክት አላየም። ወንድሜ ወደ 3 ሜትር አቀረበው፤ ያን ጊዜ አየ። ወደ መስመሩ መልሶ የተበሳውን ካርቶን ሰጠው፤ አሁን ከላይ አምስተኛውን ረድፍ በእጁ እያመለከተ አነበበ። ካርቶኑን ከዓይኑ አንሥቶ፤ እንደ ገና አስጠግቶ፤ እንደ ገና አነሣው።

‹‹መምህር፤ ሰሌዳው ለሁሉም ሰው እንዲህ የደበዘዘ ይመስለኝ ነበር›› አለኝ።

የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። ሦስት ወር ሙሉ የሬቲናን ንጣፎች በሥዕል ብቻ ስላወቀ በወንድሜ ላይ ስፈርድ፤ እኔ ይህን ሰው በመዝገብ ብቻ አውቀው ነበር። ሠልጣኙ ወደ ዓይን ክሊኒክ ተልኮ መነጽር አገኘ። በመዝገቡ የጻፍሁትን በቀይ ቀለም ሰርዤ ምክንያቱን ከጎኑ ጻፍሁ፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት ግን አስቀድሞ ተላልፎ ስለ ነበር ሳይለወጥ ቀረ። ወንድሜም በዚያ ማታ ማንም ሳይጠይቀው ወረቀት አውጥቶ ረዘም ያለ ዓይን ሣለ፤ ጨረሩም ከሬቲናው ፊት ለፊት ሲያርፍ አሳየኝ። ይህን ምዕራፍ ድጋሚ አላነበበውም፤ በፈተናም አልሳተውም።

ሰሌዳው ዛሬም በማሠልጠኛችን መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል፤ 6 ሜትሩም ከወለሉ ላይ በነጭ ቀለም ተሰምሯል። አዲስ ሠልጣኞች ሲገቡ የክፍል ወንበር ሳይደለደል በፊት በዚያ መስመር ላይ ይቆማሉ። የእያንዳንዱን ረድፍ ልክ በወረቀት ገልብጬ አምጥቻለሁ፤ ለትምህርት ቤታችሁ የምትፈልጉ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ውሰዱ። ስታባዙት ግን ማሽኑ መጠኑን እንዳያሳንሰው ትልቁን ምልክት በማስመሪያ ለኩ፤ 87 ሚሊሜትር መሆን አለበት።